ጋሽ አምጣው ያልወሰደው ግቢ

«ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ነው ቁልፍ የምትጠይቀኝ?»

«ሬሳው ሳይሞት ነው የጠየቅኩሽ! እሱ ራሱም ጠይቆሽ ነበር። ምን አልሽው? አልሰጥም አልሽው!»

«ሬሳ አይሞትም፣ አንተ ደደብ። ደግሞ ድምጽህን ቀንስ፣ ሰው አለ።»

«ይስማ! ሰው ይስማ እንጂ! ወንድሟን በቁልፍ የገደለች ሴት እዚህ አለች፣ ኑና እዩ ልበል?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ በሩ ዞረች። እጇ ላይ የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ነበር። በትሪው ግንባሩን ልትለው አሰበችና ብርጭቆዎቹ የጎረቤት መሆናቸው ትዝ አላት። የወንድሟን ልጅ በክርኗ ገፋ አድርጋው ከማድ ቤት ወጣች።

ሳሎን ስትገባ ለቀስተኛው በሙሉ አንድ ላይ ሳል ያዘው። እስካሁን ጆሮውን ወደ ማድ ቤት ቀስሮ የነበረ ሁሉ፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዷ ሻርፗን ታስተካክላለች፣ ሌላው ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ፎቶ ዛሬ ገና ያየው ይመስል አፍጥጦበታል። ፎቶው ላይ ሟቹ ይስቃል። ዕድሜ ልኩን እንደዚሁ ነበር የሚስቀው፤ ምን እንዳሳቀው ግን ማታውኑ ይረሳዋል።

ትናንት ነው የቀበሩት። እንጨት ሠራተኛ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ሲከፈት የሚንጫረር በር ካለ የሱ ሥራ አይደለም ማለት ነው። የቀሩት አንድ እህትና ሁለት ልጆች ናቸው። እህቱ ትሪ የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ታላቁ ልጅ ማድ ቤት ውስጥ የሚጮኸው ደላላ ነው። ታናሿን ሁሉም ሰው «ትንሿ» ይላታል፣ ቁመቷ ግን ከደላላውም ይበልጣል።

ትንሿ ጥግ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ሻይ ዘረጋችላት።

«እንኪ፣ የኔ ልጅ። ከትናንት ጀምሮ አፍሽ እህል አላየም።»

ትንሿ ብርጭቆውንም አላየችው፣ አክስቷንም አላየቻትም። ከሆስፒታል ጀምሮ እንዲህ ናት። አክስቷ ስትመጣ አንገቷ ይዞራል፣ አክስቷ ስትሄድ አንገቷ ይመለሳል፤ ንጹህ ቬንቲሌተር። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን ከጎኗ አስቀመጠችላት። እዚያው ቀዘቀዘ።

በሩ አጠገብ የደላላው ሚስትና ጎረቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል። የሚያንሾካሹኩ መስሏቸው ነው እንጂ ቤቱ በሙሉ ይሰማቸዋል።

«የገዛ ግቢውን ከለከለችው ነው የምትዪኝ?»

«እንዴታ! ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ግቢዬን መልሺልኝ ሲላት፣ እምቢኝ!»

«ወይ ጉድ! ቆይ፣ የሱ ከሆነ እሷን ምን አስጠየቀው?»

«እሱ ነው እኮ ጉዱ። ሰጥቶት ነበር።»

«ለሷ?»

«ለሷ አይደለም። ለትንሿ። ግን በሷ እጅ።»

«አልገባኝም።»

«ለማንም አልገባም እቴ። ገብቶን ቢሆን ምን ያጣላናል?»

ነገሩ ግን ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም። ሟቹ የእንጨት ቤቱን ግቢ፣ ከነመጋዙ ከነመላጊያ ማሽኑ፣ ለትንሿ ብሎ በእህቱ እጅ በአደራ አስቀመጠው። ትንሿ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት የራሷ ይሆናል። እስከዛ እህቱ ትጠብቃለች፣ ሥራው ይሠራል፣ የሚገኘው ለትንሿ ነው። አለቀ። ደላላው ደግሞ ቤትና መኪና ሲያሻሽጥ የሚውል ሰው ነውና ለዚያ ግቢ ገዢ አግኝቷል። ገዢው ቸኩሏል። ገዢ የቸኮለበት ደላላ ደግሞ የራሱ ቀብር ላይም ቢሆን ስልክ ያነሳል። የጎደለው ቁልፉ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ አንገት ላይ፣ ከሜትሯ ጋር ተንጠልጥሏል።

ሟቹን ማንም በስሙ አይጠራውም ነበር። ጋሽ አምጣው ነው የሚሉት። እሱ ፊት ሳይቀር።

ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። መስጠት ይወዳል። አይቶ ማለፍ አይችልም፤ የሰው ጣሪያ ሲያፈስ ካየ መሰላሉን ይሰጣል፣ ዝናብ የያዘው ሰው ካየ ጃንጥላውን ይሰጣል። «ውሰደው፣ ያንተ ነው፣ አትመልስልኝ!» ይላል፣ እየሳቀ፣ ትከሻ እየመታ። ሰውዬው ጃንጥላውን ይዞ ሦስተኛው ቤት ጋ ሳይደርስ ከኋላው ኮቴ ይሰማል። ጋሽ አምጣው ነው፣ ዝናቡ ልብሱን አጣብቆበት። እጁን ዘርግቶ ምን ይላል? «አምጣው።» ሲሰጥ ከልቡ ነው፤ ሲወስድም ከልቡ ነው። መሀል ላይ ያለችው ጊዜ ናት አጭሯ።

ለደላላው ሰርግ በገዛ እጁ የሠራውን አልጋ ሰጠ። ራስጌው ላይ ወይን ቀርጾበት፣ ቫርኒሹ ፊት እያሳየ። እንግዳው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ወር ሳይሞላ አባትና ልጅ በሆነ ተልካሻ ነገር ተኳረፉና፣ ጋሽ አምጣው በጠዋት ጋሪ ይዞ መጥቶ አልጋውን ፈታትቶ ጫነው። ሙሽሮቹ ፍራሹ ላይ ቀሩ። ፍራሹ የራሳቸው ስለነበር ነው የተረፈው። ደላላው ከዚያ በኋላ ነው መሸጥና መለወጥ ውስጥ የገባው። የተሸጠ ነገር አምጣው አይባልማ።

በሁለተኛው የለቅሶ ቀን ልብስ ሰፊዋ ወንበር እያቀረበች፣ ወንበር እያነሳች፣ የሰው ጫማ እየረገጠች ይቅርታ እያለች ዋለች። የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፣ ዓይኑ ግን አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ይፈልጋል። አንዲት አሮጊት ጭራሽ እጇን ይዛ፣ «እውነት ነው ግን?» አለቻት። «ምኑ?» «የሚሉት።» «የሚሉትን የሚሉትን ጠይቂያቸው፣ እማማ» ብላት አለፈች። ወሬ አከፋፋይ አይደለችም፤ ሻይ አከፋፋይ ናት ለጊዜው።

ምን ትበላቸው? ያቺን ጠዋት ከየት ጀምራ ታውራላቸው?

ያን ጠዋት ጋሽ አምጣው ልብስ ቤቷ መጥቶ ከስፌት መኪናዋ ላይ አስነሳት። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር፣ አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቷት።

«ተነሽ፣ ጠበቃ ጋ እንሄዳለን።»

«ማንን ገደልክ?»

«እስካሁን ማንንም። ተነሽ አልኩሽ።»

ጠበቃው ልጅ እግር ነበር። የኮቱ እጅጌ ጣቶቹን ይሸፍነዋል፤ ልብስ ሰፊዋ ውይይቱ በሙሉ ሲካሄድ ዓይኗ ከዛ እጅጌ ላይ አልነሳ ብሏት ነበር፣ ሁለት ጣት ብቻ ማሳጠር ነው እኮ። ወንድሟ ግቢውን ለትንሿ በአደራ ማስቀመጥ እንደሚፈልግ አስረዳ። ጠበቃው ጻፍ ጻፍ አደረገና ቀና አለ።

«ጥሩ። ንብረቱ በተለይ ከማን እንዲጠበቅ ነው የሚፈልጉት? ከታላቅ ወንድሟ? ከባል?»

«ከኔ» አለ ጋሽ አምጣው።

«አልገባኝም፣ ጋሼ።»

«ምኑ ነው የማይገባህ? ከኔ። እኔ ነኝ ሌባው። አንዴ ለዚች ልጅ የምሰጣትን ነገር ዞሬ የማልወስድበትን መንገድ ፈልግልኝ። እሷ እንደ ወንድሟ ፍራሽ ላይ እንድትቀር አልፈልግም።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረው። ሰጪው ወደፊት ሐሳቡን ቢቀይር መልሶ የመውሰድ መብቱን ለራሱ ማስቀረት ይችላል፣ ከአሁኑ ከተጻፈ ብቻ። ካልተጻፈ ግን በቃ፣ መሸጥ የለ፣ ለሌላ ማዞር የለ፣ ባለአደራዋን እንዲህ አድርጊ እንዲያ አድርጊ ብሎ ማዘዝ የለ። እሷም ብትሆን አዝናለትም ሆነ ፈርታው ልመልስልህ ማለት አትችልም።

«እና መብቱን ላስገባልዎት?»

ጋሽ አምጣው እጆቹን አያቸው። ሁለቱንም ገልብጦ፣ ልክ የሰው እጅ እንደሚያይ። አንድ ጣቱ ላይ መጋዝ የበላው ቦታ አለ።

«አታስገባ» አለ። «ካስገባህልኝ ከዚህ ቢሮ ሳልወጣ ነው የምጠቀምበት።»

ፈረመ። እየዘፈነ ወጣ። ደረጃውን ግማሽ ሳይወርዱ ዝም አለ። ከዚያ ቆመና የእህቱን ክንድ ያዘ።

«ስሚ እንጂ... ትንሽ አልቸኮልንም?»

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ስቃ ነበር። እስከ ልብስ ቤቷ ድረስ ነው የሳቀችው። የሚቀጥሉትን ዓመታት ብታውቅ ኖሮ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር።

መጀመሪያ በልመና መጣ። ቀጥሎ በኩርፊያ። ቀጥሎ ግቢውን ሸጦ ሚኒባስ መግዛት አማረውና ሚኒባሱን ሳይገዛ ቀለሙን መረጠ። አልሆን ሲለው ሠራተኞቹን ማዘዝ ጀመረ፤ እሷ መጥታ «ከዛሬ ጀምሮ የምትታዘዙት እኔን ነው» ብላ በሱ ፊት ተናገረች። ቁልፍ ቀየረች። እሱ ደግሞ በዚያ ዕድሜው አጥር ዘለለ። ስትደርስ ሱሪው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሱ በሙታንታ ጣውላ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ምንም አላለችውም። ሱሪውን አወረደች፣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ እዚያው ሰፋችለት፣ አለበሰችውና በትልቁ በር አስወጣችው።

«የገዛ ቤቴ!» አለ በሩ ላይ።

«አይደለም» አለችው። «ራስህ ነህ አይደለም ያልከው።»

ሰፈሩ ያየው ያንን ነው። ጎልማሳ ሴትዮ ታላቅ ወንድሟን ከገዛ ግቢው ስታባርር። ጠበቃ ቤት የሆነውን ማን አየ?

ጠበቃው በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረሰ። ኮቱ አሁንም ያው ነው። ገና ቁጭ ከማለቱ ደላላው ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፣ ድምጹንም ለጎረቤት እንዲበቃ አድርጎ ከፈተው።

«ይኸው ሕግ አዋቂው መጣ። እዚህ ሰው ሁሉ ባለበት ንገረን። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ፣ አእምሮው ሙሉ ሆኖ፣ ግቢው ለታላቁ ልጄ ይሁን ብሏል። ምስክር አለኝ። ይሄ ቃል ነው አይደለም?»

«ቃል ነው» አለ ጠበቃው። «ግን ንብረቱ በእጁ አልነበረም። ከሰጠ በኋላ መልሶ ለሌላ የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። ያንን እኔው ፊት ነው የተወው።»

«እሱ ያቋቋመውን? እሱ በላቡ ያመጣውን?»

«እሱ ያቋቋመውን።»

«እሺ፣ አባቴ በገዛ ግቢው ምን መብት ነበረው ታዲያ? ቆሞ ማየት?»

ጠበቃው ብርጭቆውን አዟዟረ። ቀልድ አዋቂ አይደለም፤ ያለውን ነው የተናገረው። «እንደ ማንም ሰው ገብቶ ወንበር ማዘዝ ይችል ነበር።»

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ደነገጠና ሳሉን ቀጠለ። ትንሿ ግን ከጥጓ ተነሳች፣ ሰው እየረገጠች ወጣች፣ በሩንም ወርውራ ዘጋችው። ጠበቃው ምን እንዳጠፋ አላወቀም። ልብስ ሰፊዋ አወቀች።

ጋሽ አምጣው ወንበር አዝዞ ነበራ።

አጥሩ ካልሆነለት በኋላ አንድ ጠዋት ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ በትልቁ በር ገባ። ትንሿ መላጊያው ላይ ነበረች፤ ሥራውን እንደጀመረች ነው፣ እንጨቱ እየተሰነጠቀባት በየቀኑ ትሳደባለች። አባቷ ፊቷ ቆመና እንደ እንግዳ «እንደምን አደርሽ» አላት። «አንድ ወንበር ማዘዝ ፈልጌ ነው።» ቀብድ አስቀመጠ። ደረሰኝ ጠየቀ። ልብስ ሰፊዋ የአደራውን ሕግ ከላይ እስከ ታች ብታስበው፣ ደንበኛ ይባረር የሚል አጣችበት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣ። ደንበኛ ነዋ።

«ይሄ እግር ወፍሯል፣ የኔ እመቤት። እኔ ወንበር ነው ያዘዝኩት ዝሆን አይደለም።»

«ትናንት ቀጥኗል አላልከኝም?»

«ትናንት ቀጥኖ ነበር፣ ዛሬ ወፍሯል። እንጨቱን በጅማቱ ነው የሚላገው፣ እንዲህ አዙሪው። ከፍዬ እኮ ነው! ደንበኛ እንዲህ ነው እንዴ የሚስተናገደው?»

እግሩ ተሠራ፣ ፈረሰ፣ ተሠራ። መደገፊያው ሦስት ዓይነት ሆነ። ትንሿ ተናዳ መዶሻ ወርውራበት ታውቃለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ አሳልፎት «በመሸጫ ዋጋ ስትከራከሪም እንዲህ ሁኚ» አላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ትንሿ በር ሠራች፣ ቁም ሳጥን ሠራች፣ የሰው ሰርግ አልጋ ሠራች። የአባቷን ወንበር ብቻ መጨረስ አቃታት። ያቃታት ግን እጇ አይመስልም ነበር። ወንበሩ ካለቀ ደንበኛው ይሄዳላ። እሱም ያውቃል፤ ሊያልቅ በተቃረበ ቁጥር አንድ ነገር አይጥመውም።

በመጨረሻ የሄደው በአምቡላንስ ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሆነውን ልብስ ሰፊዋ ላለማስታወስ ብርጭቆ ስታጥብ፣ ወለል ስትወለውል፣ የታጠበውን ደግማ ስታጥብ ነው ለቅሶውን ያሳለፈችው። አልተዋትም። አልጋው ላይ የተኛው ሰውዬ ግማሽ ሆኗል። ደላላው ራስጌው፣ ትንሿ መስኮቱ ጋ።

«ግቢዬን አምጪው» አላት፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ሾርባ ይዤልህ መጥቻለሁ።»

«ግቢዬን! ለታላቁ ልጄ ይሁን ብያለሁ። እሱን በድያለሁ። ሰምታችኋል ሁላችሁም።»

«አይቻልም» አለችው ቀስ ብላ። «አንተም አትችልም፣ እኔም አልችልም። ለሱ ካሳ መስጠት ከፈለግክ ከሌላ ካለህ ስጠው። ያ የትንሿ ነው።»

ሌላ ምን ነበረው? ምንም። ዓይኑን ጨፈነ። የሞተ መስሏቸው ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ዓይኑን ገለጠና ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፣ በትንሽ ድምጽ፣ ልጅ ሆኖ እናታቸውን ከረሜላ በሚጠይቅበት ድምጽ።

«እሺ፣ ሕጉ አይፈቅድም። ተወው ሕጉን። ቢፈቅድስ? ብትችዪ ኖሮ ትሰጪኝ ነበር?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል። ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ፊት አየች፣ መስኮቱ ጋ ያለችውን ረጅም ልጅ አየች።

«አልሰጥህም ነበር» አለችው።

ጋሽ አምጣው አላዘነም፣ አልተቆጣም። አያት አያትና ወደ ግድግዳው ዞረ። በማግስቱ ሲሞትም እንደዞረ ነው ያገኙት።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት የኪራይ ወንበሮች እየተጫኑ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንድ ወንበር ጎድሎ ከአከራዩ ጋር እየተጨቃጨቀች ሳለ ፀጉር ሠሪዋ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ! ግቢው ጋ የጭነት መኪና ቆሟል!»

ልብስ ሰፊዋ ጥጉን አየች። ትንሿ የለችም። ደላላውም የለም። በለበሰችው ልብስ፣ እጇ ላይ የሰሃን አረፋ እንዳለ ሄደች።

የግቢው በር ሰንሰለት ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል። ደላላው የብረት መቁረጫ ይዟል። ወፍራሙ ገዢ ሜትር ዘርግቶ አጥሩን ይለካል፤ ቁጥር ሲጠራ ያለከልካል። ሁለት ጫኞች የመላጊያ ማሽኑን በገመድ አስረው ለማንሳት እየተዘጋጁ ነው። ማሽኑ አጠገብ ትንሿ ቆማለች፣ እጇን አጣጥፋ።

አብረው ነው የመጡት፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ። ወንድሜን ያስቀየምኩላት ልጅ ከሱ ጋር ነው የመጣችው።

«መጣች!» አለ ደላላው። «ጥሩ፣ ትስማ። ገዢው ጭቅጭቅ ያለበት ነገር አልገዛም ብሎኛል፣ ልክ ነው። ስለዚህ ይቺው የአደራው ባለቤት ራሷ ትናገር። ትንሿ፣ ሆስፒታል ነበርሽ። አባዬ ለታላቁ ልጄ ይሁን ብሏል ወይስ አላለም?»

«ብሏል» አለች ትንሿ።

«ሰማችሁ!»

ልብስ ሰፊዋ የበሩን ብረት ያዘች።

«ብሏል» አለች ትንሿ እንደገና። «አባዬ በሕይወቱ ያላለው ነገር አለ? ግን ሲልህ የሱ አልነበረም። የኔን ነው የሰጠህ። እኔን ጠየቅከኝ?»

ደላላው ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «እህቴ... ላንቺም እኮ ነው። ተሸጦ ተካፍለን፣ አንቺም የራስሽን—»

«የራሴ ላይ ቆመሃል። ገመዱን ፍቱት!» አለች ወደ ጫኞቹ። «ፍቱት አልኩ! ማንኛችሁም ይቺን ማሽን ብትነኩ መጋዙን አስነስቼ ነው የምጠብቃችሁ።»

ጫኞቹ ሁለት ጊዜ መስማት አላስፈለጋቸውም። ገዢው ሜትሩን ጠቀለለ፣ ደላላውን በሩቁ አየውና፣ «ስልክ እንደዋወላለን» አለ። የሚደውል ሰው እንደዛ አይልም። የጭነት መኪናው ተነሳ።

ደላላው የብረት መቁረጫውን እንደያዘ መሀል ግቢ ቀረ። ጩኸቱ ሲመጣ እንደ ደላላ አልነበረም።

«ለሷ ከራሱ የሚያስጠብቅላት ሰው አቆመላት! ለኔስ? ያን ጠዋት አልጋዬን ሲነቅል፣ ሚስቴ ፊት፣ ጎረቤት እያየ፣ ለኔ ባለአደራ የት ነበር? አንቺ የት ነበርሽ?»

ያን ጠዋት ጋሪውን ከኋላ የገፋችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። እሱም ያውቃል። መቁረጫውን እግሯ ሥር ጣለላትና ሄደ፤ ቁም የሚለው አልነበረም።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ትንሿ መጥረጊያ አነሳች። ሰጋቱራውን ጠረገች፣ የተጠረገውንም መልሳ ጠረገችው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለ በሽታ ነው መሰለኝ የሚያስብል አጠራረግ። ልብስ ሰፊዋ የተቆረጠውን ሰንሰለት በሽቦ ለማሰር ታገለች።

«ለምን አልዋሸሽውም?» አለች ትንሿ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

ከሆስፒታሉ ጀምሮ የቆየው ዝምታ የተሰበረው በዚች ነው።

«መከልከልሽን አይደለም የምልሽ። መከልከሉ ገብቶኛል። ሊሞት ነበር እኮ። ብችል እሰጥህ ነበር ብትዪው ምን ይጎድልብሽ ነበር? ዞሮ እንዲሞት አደረግሽው። ፊቱን ሳላየው።»

ልብስ ሰፊዋ ሽቦውን ለቀቀችው። ጣቷ ደምቷል።

«አዎ ብዬው ቢሆን፣» አለች፣ «ያችኑ ደቂቃ ከአልጋው ተነስቶ ከአንገቴ ላይ ቁልፉን ይነጥቀኝ ነበር። አባትሽን አታውቂውም?»

ትንሿ መጥረጊያውን አቆመች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከኋላ አይታይም፤ ምናልባት እሷም ለይታ አላወቀችውም። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ሰንሰለቱን ተሻገረች። ተጠጋች። የልጅቷ ፀጉር ላይ የተጠቀለለ የእንጨት ልጣጭ አለ። በደማው ጣቷ ቀስ ብላ ልታነሳላት እጇን ዘረጋች።

«እጅሽን አንሺ» አለች ትንሿ። «ገና አልታረቅኩሽም። ነገ ግን በጊዜ ክፈቺ፣ በር ላይ እንዳታቆሚኝ።»